ሙጫ የቀመሰው ማሲንቆዬ

«ድሮ» በሚለው ቃል ላይ ክስ መመሥረት ቢቻል ኖሮ ይህን ጊዜ ገዳሪፍ ፍርድ ቤት በር ላይ ተሰልፌ ታገኙኝ ነበር። ሰውን ሳያውቅ አዋቂ፣ ሳይሠራ ባለሙያ የሚያደርግ እንደ እሱ ያለ ቃል አላየሁም። ቀን የለው፣ ዓመት የለው፣ ምስክር አያስፈልገው። እኔን ለዚህ ሁሉ ያበቃኝ እሱ ነው።

እኔ ፀጉር ቆራጭ ነኝ። ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ገበያ፣ ከሰሊጥ መጋዘኖቹ ጀርባ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ተኩል መስታወት ያላት ሱቅ አለችኝ። (የመስታወቱን ግማሽ የሰበረው ማን እንደሆነ ሌላ ታሪክ ነው፤ እኔ ነኝ።) ግድግዳዋ ላይ አንድ ማሲንቆ ተሰቅሏል። ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ሳለን አጎቴ ሲሞት ለእኔ ደረሰኝ። ለምን ለእኔ እንደደረሰኝ ብጠይቅ፣ ሌሎቹ ስላልፈለጉት ነው አሉኝ። ክር አልነበረውም። ደጋኑንም ለዓመታት የሸረሪት ድር ማውረጃ አድርጌው ኖሬያለሁ። ግን ግድግዳ ላይ ሲታይ ያምራል። የአገር ሰው በዚያ ሲያልፍ ያየውና ገብቶ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠ ደግሞ ይላጫል። «ትጫወታለህ?» ይለኛል። እኔም አረፋውን እየደፈቅሁ «ድሮ» እላለሁ። በቃ፣ አንድ ቃል ናት። ከእሷ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ ደንበኛው ራሱ በፈለገው ሠርግና በፈለገው ጭብጨባ ይሞላዋል።

አርብ አርብ ሱቄን ዘግቼ ወደ አረጋውያን ማረፊያው እሄዳለሁ። ወደ ባሱንዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ ጣራው ዚንጎ፣ ማለትም ቆርቆሮ፣ የሆነ ረጅም ቤት ነው፤ ግቢው መሃል ሰፊ የሣር ዳስ፣ በዚህ አገር አጠራር ራኩባ አለ። በጦርነቱና በረሃቡ ዘመን ተሻግረው እዚሁ ያረጁ፣ ልጅ የሌላቸው ወይም ልጆቻቸው የራቁባቸው አሥራ አራት ሰዎች ይኖሩበታል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ራኩባ ሥር ይውላል። እኔ በነፃ እላጫቸዋለሁ፣ እነሱ ይመርቁኛል። ፂማቸው ምላጭ ይጨርሳል፤ ምርቃታቸው ምን እንደሠራልኝ ግን እስካሁን አልታወቀም።

ቤቱን የምታስተዳድረው ሲስተር ሐያት ናት። ወላጆቿ የመተማ ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ እየሄደ እየሄደ ድንገት ዓረብኛ ይሆናል። አንድ አርብ ሐጂ ሰይድን እየላጨሁ ሳለ ከሥልጠና ተመልሳ፣ ክንዷ ሥር ወረቀት ይዛ መጣች።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ስማኝ» አለችኝ። «ሙዚቃ ለትልልቅ ሰዎች መድኃኒት ነው አሉን፤ ወላሂ እውነቴን ነው። በወጣትነታቸው የሚያውቁትን ዜማ ሲሰሙ የረሱት ይመጣል፣ የተዘጋው ይከፈታል።»

ወረቀቱን አሳየችኝ። በየሰዉ ስም ፊት ሦስት ክብ ፊቶች ተሥለዋል፤ አንዱ የሚስቅ፣ አንዱ የሚያለቅስ፣ አንዱ መሃል ላይ አፉ እንደ መስመር ቀጥ ያለ። ከሙዚቃው በኋላ የእያንዳንዱን ሰው ፊት አይቶ ምልክት ማድረግ ነው። ይህን ወረቀት ያዘጋጀው ሰው የጎንደር ሽማግሌ በሰው ፊት ጥርሱን እንደማያሳይ የነገረው አልነበረም።

«እኔ ያሰብሁት ለአያ ታፈረ ነው» አለች ሐያት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አያ ታፈረን ላስተዋውቃችሁ። ፋሽጋ የሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ሲነዱ ያረጁ፣ አጭር፣ ቅንድባቸው የገነነ ሰው ናቸው። ለዘጠኝ ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ፣ አልጋ ለአልጋ ተያይዘው ከአያ ቢምረው ጋር ኖሩ፤ ዘጠኙንም ዓመት ሲጣሉ። ጠዋት በመስኮቱ ይጣላሉ፣ ቀትር ላይ በውሃ ማሰሮው፣ ማታ ደግሞ ድሮ አንድ ላይ ያዩት አህያ ግራጫ ነበር ቡላ በሚለው። የአህያው ነገር ብቻ ሁለት ክረምት ፈጅቷል። ባለፈው ክረምት መጨረሻ አያ ቢምረው ሞቱ። አያ ታፈረ ለቅሶውን በሥርዓቱ ተቀመጡ፣ ሰውን በሥርዓቱ ሸኙ፤ ከዚያ ዝም አሉ። ሐኪም መጥቶ አያቸው፤ ምላሳቸውም ጉሮሯቸውም ደህና ነው። ሁለት ጉርሻ ይቀምሱና ወደ ግድግዳው ይዞራሉ።

ካሰላ የምትኖር ዘውዴ የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ አርብ አርብ ትደውላለች። ሐያት ስልኩን ጆሯቸው ላይ ታደርግላቸዋለች። «አባዬ፣ ደህና ነህ?» ትላለች ዘውዴ። አያ ታፈረ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስልክ ደግሞ ራስ መነቅነቅ አያስተላልፍም። «አባዬ? አለህ?» እንደገና ይነቀንቃሉ። ከዚያ የሚሰማው የልጅቱ ለቅሶ ነው። ይህን ከሰባት ወር በላይ አርብ አርብ እያየሁ፣ የሌላ ሰው ፂም ላይ አፍጥጬ ያላየሁ እየመሰልሁ ኖሬያለሁ።

«አንድ ቃል ብቻ ቢናገሩላት» አለች ሐያት። «ስድብም ቢሆን። አንተ ማሲንቆ ትጫወት የለም እንዴ?»

ሐጂ ሰይድ በግማሽ ፂም ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አፌ እንደለመደው «ድሮ» አልሁ።

«ተማም! ድሮ የቻለ አሁን አያቅተውም» አለችና ወረቀቱ ላይ «የሙዚቃ ባለሙያ» ከሚለው ጎን ስሜን ጻፈች። በስክሪብቶ ጻፈችው፤ በእርሳስ ቢሆን ምናልባት መላ ነበረው።

የሚገርማችሁ፣ ወዲያው አልተጀመረም። ሁዳዴ ገብቶ ነበር። «በሁዳዴ ማሲንቆ? እግዜር ይይላችሁ!» ብለው እማማ ብርቄ አማተቡ። እማማ ብርቄ ለሰሊጥ አጫጆች ምግብ ሲያበስሉ የኖሩ፣ ከከዘራቸው ተለይተው የማያውቁ ሴት ናቸው። ወዲያው ደግሞ ረመዳን ገባና ሐጂ ሰይድ በተራቸው ዓይናቸውን አጉረጠረጡ። አንዱ ሲፈታ ሌላው እየጾመ፣ መድኃኒቱ ከምግብ በኋላ የሚወሰድ መሆኑ ላይ ሁሉም ተስማምተው እስከ ፋሲካ ማግሥት አቆዩልኝ። እኔ ጾሙ ባያልቅ ደስታዬ ነበር።

ፋሲካ ሲደርስ ክር ፍለጋ ወጣሁ። የማሲንቆ ክር የፈረስ ጭራ ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ሱቄ ፊት አንድ የጋሪ ፈረስ ይቆማል። ባለቤቱ ሻይ ሲጠጣ ቀስ ብዬ ከኋላ ተጠጋሁና አንድ እፍኝ ጭራ መዘዝሁ። ፈረሱ ምንም አላለም። ባለቤቱ ነው የጮኸው።

«ሲህር! ፈረሴ ላይ ሲህር ሊያሠራ ነው!»

ሰው ተሰበሰበ። ድግምት እንዳልሆነ፣ ለሙዚቃ መሣሪያ እንደሆነ በዓረብኛም በአማርኛም በእጄም አስረዳሁ። ማሲንቆው ከሱቅ ወጥቶ ለማስረጃ ቀረበ። አንድ ሽማግሌ አገላብጠው አዩትና «እንግዲያስ ተጫወትና እንይ» አሉኝ። ለመጫወት ክር ያስፈልጋል፤ ክሩ ደግሞ በሲህር ተጠርጥሮ በባለ ጋሪው ጭብጥ ውስጥ ነው። ይህን ለማስረዳት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ባለ ጋሪው ራሱ ከፈረሱ አጠገብ ቆሞ እየተቆጣጠረ፣ እኔ አንድ በአንድ እየመዘዝሁ ክሬን አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ደንበኛዬ ሆኗል፤ ሲላጭ ግን የተቆረጠ ፀጉሩን ለቅሞ ይዞ ይሄዳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙጫው ነው። ክርና ደጋን ካልተቀቡ አይጮሁም። አጎቴ ከኪሱ አንድ ቢጫ ጠጠር አውጥቶ ደጋኑን ሲያሸው ትዝ ይለኛል። ከዛፍ የሚወጣ፣ ቢጫ፣ ጠጠር የመሰለ ነገር። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ እኔ ያለሁት የግራር ሙጫ በጆንያ በሚጫንበት ከተማ ነው! ጎረቤቴ ያለው ነጋዴ ምርጡን አንድ እፍኝ ዘገነልኝ። ደረቁን ባሸው ባሸው ምንም የለም። ትንሽ ውሃ ነካ አደረግሁበትና ደህና አድርጌ ለቀለቅሁት። ብልህ የሆንሁ መስሎኝ ለራሴ ፈገግ ማለቴን አልደብቃችሁም።

በመጀመሪያው አርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ ሁሉም ራኩባው ሥር ተቀመጡ። ሙቀቱ ድንጋይ ያበስላል። ሐጂ ሰይድ «እኔ ዘፈን አልሰማም፣ ለጥላው ነው የመጣሁት» ብለው ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ሰጡኝ። አያ ታፈረን ሐያት ደግፋ አመጣቻቸው፤ ከምሰሶው ጎን ተቀምጠው መሬት መሬት አዩ። እኔም ደጋኑን አነሣሁና ክሩ ላይ አሳረፍሁ። አሳረፍሁ ስላችሁ፣ ዐረፈ። ተጣበቀ። ሙጫው በሙቀቱ ደርቆ ሁለቱን አጋብቷቸዋል። ሳብ ባደርገው የዛገ በር ሲከፈት የሚወጣው ድምፅ ወጣ፤ በሩም ቶሎ የሚዘጋ አልሆነም።

«እሰይ የኔ ጌታ» አሉ እማማ ብርቄ ከልባቸው አዝነው። «በል ይበቃሃል፣ ደክመሃል።»

ያን ጊዜ ተነሥቼ ብሄድ ኖሮ ክብሬ ይተርፍ ነበር። ግን ጀርባቸውን የሰጡኝ ሐጂ ሰይድ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«ተቀበል!»

ይህን ሥርዓት ታውቁታላችሁ። ማሲንቆ ባለበት ሰው ግጥም ይሰጣል፤ ተጫዋቹ የተሰጠውን እንዳለ ተቀብሎ ያዜማል። አይመርጥም፣ አያርምም፣ አፍሬያለሁ አይልም። ሐጂ ሰይድ እንዲህ ሲሉ ሰጡኝ፤

የሐያት ምስር ወጥ ሲያዩት ያስገርማል፣
ውሃው እዚህ ደርሷል፣ ምስሩ ገና ይመጣል።

ሐያት ፊት ቆሜ ዘፈንሁት። ራኩባው በሳቅ ተናወጠ። ያኔ ነው አሥራ አራቱም አንድ ነገር የገባቸው። ለዓመታት በሆዳቸው የያዙትን ሁሉ ጮክ ብሎ ሊናገርላቸው የተገደደ ሰው እጃቸው ገብቷል። ደግሞም የሚወቀሰው እሱ ነው። እማማ ብርቄ ከዘራቸውን መሬት ላይ አንኳኩ።

ሐጂ ሲያንኮራፉ ዚንጎው ይነሳል፣
ፋሽጋ ላይ ያለ ሰው ትራክተር ነው ይላል።

ሐጂ ሰይድ፣ ያው ዘፈን የማይሰሙት ሰው፣ ወንበራቸውን ወደኛ አዙረው መለሱላቸው።

ከዘራዬን ሰረቁ ብላ ስትከሰን፣
ከዘራዋን ይዛ ነው የምታሳድደን።

እውነት ነው፤ እማማ ብርቄ ባለፈው ወር ያደረጉት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን በሙሉ ማስታወስ አልችልም። ስለ ጥርስ ሰደቡኝ፤ ማለቴ፣ በእኔ አፍ ተሰዳደቡ። ጎረቤት የሆነ ሱዳናዊ «ምንድን ነው ይህ ጩኸት?» ብሎ ሊከስ መጣና ወንበር ለምኖ ተቀመጠ። ሽልማት እንደ ወጉ ግንባር ላይ ይለጠፋል፤ እነሱ ግን የሚለጥፉት የላቸውምና ባዶ የመድኃኒት ልጣጭ በምራቃቸው እያረጠቡ ለጠፉብኝ። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የጨጓራ፤ ወደ ቤቴ ስመለስ ግንባሬ የፋርማሲ መደርደሪያ ነበር።

ሐያት ወረቀቷ ላይ አሥራ ሦስት የሚስቁ ፊቶች ምልክት አደረገች። በአሥራ አራተኛው ስም ላይ ስክሪብቶዋ ቆመ። አያ ታፈረ መሬት መሬት እንዳዩ ነበሩ። መሃለኛው ፊት፣ አፉ መስመር። ዘውዴ ደወለች፤ አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልጅቱ አለቀሰች።

ሁለተኛው አርብም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው እማማ ብርቄና ሐጂ ሰይድ ግጥሙ አልበቃ ብሏቸው በበትርና በከዘራ ተፈላለጉ፤ ሐያት መሃል ገብታ «ኸላስ፣ በቃ! የሰው ስም እየጠሩ መስደብ ክልክል ነው!» ብላ ሕግ አወጣች። ሕጉ ለአንድ ግጥም ያህል ቆየ። እኔ ግን ልቤ ወደ አያ ታፈረ እየሄደ አስቸገረኝ። መሬት ሲያዩ ዓይናቸው አንዳንዴ ተነሥቶ ደጋኔ ላይ ያርፍና ፊታቸው ጭፍግግ ይላል። ለሐያት ነገርኋት።

«ምናልባት አሟቸው ይሆናል» አለች።

ምናልባት ሳይሆን አሟቸው ኖሯል። የእኔ አጨዋወት ነው ያመማቸው።

አራተኛው አርብ ሆነ። እኔ እየጎተትሁ ነው፣ ማሲንቆው እያላዘነ ነው፣ ሰው በስድብ ወረፋ ይዟል። መሃል ላይ ዘውዴ ደወለች። ሐያት ግርግሩ አላሰማ ስላላት ስልኩን ድምፁ እንዲወጣ አድርጋ አያ ታፈረ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው። «አባዬ፣ ደህና ነህ?» አለች ልጅቱ። አያ ታፈረ አልነቀነቁም። ቀና ብለው እኔን ያዩኛል። ቅንድባቸው ወርዷል። ቀኝ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ተነሣ።

«ተቀበል» አሉ።

ድምፃቸው ዝጎ ነበር። ሰው ሁሉ ባለበት ቀረ። ጎረቤትየው እንኳ፣ አማርኛ የማይሰማው፣ ሻዩን አፉ ጋ አድርሶ ቆመ።

እጣን የሚበላ ማሲንቆ ምን ነክቶት፣
ሙጫ ይልሳል ዛሬ፣ ፀጉር ቆራጭ ይዞት።

ማንም አልሳቀም። ሁሉም እኔን አዩ። ሥርዓቱ ሥርዓት ነው፤ የራሴን ጉድ ከራሴ አፍ ማውጣት አለብኝ። ዘፈንሁት። ለካ አጎቴ ኪስ ውስጥ የነበረው ጠጠር እጣን ኖሯል። ይህን የተማርሁት በዜማ፣ በአሥራ ሦስት ምስክር ፊት ነው። ገና ሁለተኛውን ስንኝ ሳልጨርስ የአያ ታፈረ እጅ እንደገና ተነሣ።

በምላጭ ስትመጣ ጉንጬን አደማኸው፣
ማሲንቆ ይዘህ ደግሞ ጆሮዬን ላጨኸው።

ይህንንም ዘፈንሁ። አሁን ራኩባው ሥር የሚስቀውና የሚያለቅሰው ተደባለቀ። ከስልኩ ውስጥ «አባዬ ነው? የማን ድምፅ ነው? ሲስተር ሐያት፣ አባዬ ነው?» የሚል ይሰማል። አያ ታፈረ ግን ገና መሞቃቸው ነበር።

ቢምረው ብልጥ ነበር፣ ቀደም ብሎ ሄደ፣
ይህን ጉድ ሳይሰማ ጆሮውን ወሰደ።

የአያ ቢምረውን ስም ከቀብራቸው ወዲህ ሲጠሩ የመጀመሪያቸው ነው። እማማ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ ግጥሙን ዘፈንሁት፤ እንዴት እንደዘፈንሁት ግን አትጠይቁኝ። ዘውዴ በስልኩ «አባዬ! አባዬ!» ትላለች። አያ ታፈረ ስልኩን አነሡና፣ ልክ ትናንት እንደተለያዩ ሁሉ፣

«ቆይ ልጄ፣ ይሄን ልጅ ልጨርሰው» አሏት።

ሐያት ግን ችግር ገጠማት። ወረቀቷን ይዛ አያ ታፈረን ብታያቸው አይስቁም፣ አያለቅሱም፣ አፋቸውም መስመር አይደለም። ተቆጥተዋል። ለተቆጣ ሰው የተሣለ ፊት የለም። እያለቀሰች፣ ከሦስቱ ክቦች ጎን በስክሪብቶዋ አራተኛ ክብ ሠራችና ሁለት ትልልቅ ቅንድብ ጨመረችበት።

በዚያ ቀን ሙሉ ሳህን በሉ። እየበሉም እጣኑ የት እንደሚቀባ፣ ክሩ ስንት ፀጉር እንደሆነ፣ አውራ ጣት የት እንደማይገባ ነገሩኝ። ሐጂ ሰይድ ዞረው «አንተ ትራክተር ነጂ አይዶለህም እንዴ? ይሄን ከየት አመጣኸው?» ቢሏቸው፣ አያ ታፈረ ዙሪያውን ዓይናቸውን አዞሩ።

«የአዝማሪ ልጅ ነኝ» አሉ። «ሰው ይንቀናል ብየ ደብቄው ነው የኖርሁ። የሚጣላኝ ካለ ይኸው አለሁ።»

የሚጣላቸው ሰው ሲጠብቁ አየኋቸው፤ በጉጉት ነበር የሚጠብቁት። እማማ ብርቄ ብቻ «እና ይሄን ሁሉ ዓመት እኛ ያለ ዜማ ስንጮህ ዝም ብለህ ታየን ነበር?» ብለው ሰደቧቸው። በጣም ደስ አላቸው።

እዚህ ላይ ብናቆም መልካም ነበር። ግን እኔ ሰው ነኝ፣ ያውም ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ የሚያሾፍበት ፀጉር ቆራጭ። ግጥሞቹ ከማረፊያው አጥር ዘለው ገበያ ደርሰዋል። ደንበኛ መጥቶ «ሙጫህን አስቀምጥና ፂሜን አስተካክል» ይለኛል። እልህ ያዘኝ። እጣን ገዛሁ፣ ክሬን ቀየርሁ፣ ሱቄን ዘግቼ ተለማመድሁ። ሱቄን ሳልዘጋም ተለማመድሁ፤ ግማሽ ራሳቸውን ተላጭተው የሸሹኝ አሉ። ከብዙ ሳምንት በኋላ ድምፁ መጣ። ማሲንቆው ማልቀስ ባለበት ቦታ አለቀሰ፣ ማፍጠን ባለበት አፈጠነ። በሕይወቴ «ድሮ» ያልሁት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ሆነ።

በዚያ አርብ ማረፊያው ሄጄ ተጫወትሁ። ሁሉም አጨበጨቡ። አያ ታፈረ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ስጨርስ «ደህና ነው» አሉ። ከዚያ ዝም። የሚታረም የለም፣ የሚሰደብ የለም። ዘውዴ ደወለች፤ «ደህና ነኝ» አሏትና ስልኩን መለሱ። በሚቀጥለው አርብ ስደርስ ሳህናቸው ላይ ሁለት ጉርሻ ብቻ ጎድሎ ነበር። ደህና ተጫወትሁ። ዘውዴ ደወለች። አያ ታፈረ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሐያት ወደ ኋላ ግቢ ወሰደችኝ።

«ምን አድርገህ ነው?»

«ተለማመድሁ» አልኋት፣ ትንሽ ምስጋና እየጠበቅሁ።

«ማን ተለማመድ አለህ?» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «የሚጣሉት ሰው እኮ ነው ያገኙት! ቢምረውን ነው ያገኙት! ወላሂ ያ ዞል፣ ከዛሬ ጀምሮ ደህና መጫወት ክልክል ነው።»

እንዲህ ሆኖ፣ ስንት ሳምንት የለፋሁበትን ሙያ በተማርሁ በአሥራ አምስት ቀኔ ተከለከልሁ። ቅር አላለኝም ብላችሁ ውሸት ነው። አንድ ሙሉ ሳምንት በመስታወቴ ፊት፣ በተሰበረው በኩል፣ ራሴን እያየሁ ተቆጥቻለሁ። ቢሆንም ሐሙስ ማታ ሙጫውን አወጣሁና ውሃ ነካ አደረግሁበት።

አርቡ ዝናብ ነበር። ክረምቱ ገብቶ ራኩባው ስለሚያፈስ ሁሉም በረንዳው ላይ ተደርድረዋል፤ ዚንጎው ላይ የሚወርደው ውሃ ያንጫጫል። አያ ታፈረ ወደ ግድግዳው ዞረው ተቀምጠዋል። ስልኩ እጃቸው ላይ ነው፤ ዘውዴ ከካሰላ «አባዬ፣ አለህ?» ትላለች። እኔም ደጋኑን አሳረፍሁ። ያ የዛገው በር ድምፅ ወጣ። አውራ ጣቴን መግባት የሌለበት ቦታ አስገባሁ። መፍጠን ባለበት ዘገየሁ። ሐያት በሩ ላይ ቆማ ሁለት እጇን አጣምራ ትጸልያለች።

አያ ታፈረ ዞሩ። ደጋኔን አዩ። ሙጫውን አዩ። ከዚያ ፊቴን ረጅም ጊዜ አዩት። ለአርባ ዓመት አዝማሪነቱን የደበቀ ሰው፣ ሌላው ሲደብቅ ማወቅ እንደማያቅተው ያኔ ገባኝ። እጃቸው ተነሣ።

«ተቀበል።»

ደህና ስትጫወት ዝም ብየ ሰማሁህ፣
አውቀህ ስትሳሳት ያን ጊዜ ወደድሁህ።

«አባዬ!» አለች ዘውዴ ከስልኩ። «ቆይ ልጄ» አሏት፤ ወደ እኔም ዞረው «መሳሳቱም አልሆነልህ፤ አውቀህ መሆኑ ከሩቁ ያስታውቃል» አሉኝ።

የተሰጠ ግጥም ይዘፈናል። የመጀመሪያውን ስንኝ በደንብ አዜምሁት። ሁለተኛው ላይ «ወደድሁህ» የምትለዋ ስትደርስ ድምፄ ተሰነጠቀ፣ ደጋኑም ከክሩ ላይ ሸሸ። በዚያ ቀን ሳላውቅ የተሳሳትሁት እሷን ብቻ ነበር።

አያ ታፈረ ቅንድባቸውን ሰቅለው እጃቸውን እንደገና አነሡ።

«ተቀበል!»